ለጀማሪውም መስመር ይሰመርለት

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ የትንንሽ መኪናዎችን ውድድር ከሚነቅፉት ወገን አይደለንም። «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ነገ መምህር የሚሆን ሰው በቆርኪና በሽቦ ሲጫወት ይውላል ወይ?» ለሚሉን ጓደኞቻችን መልሳችን አጭር ነው። ነገ የምናስተምረው ልጅን አይደለም እንዴ? ልጅ የሚጫወትበትን ነገር የማያውቅ መምህር ልጅን በምን ሊያግባባው ነው? ስለዚህ ውድድሩ ይኑር፤ ይስፋፋም እንላለን። የምንቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጀማሪውንና የቆየውን በአንድ መስመር ላይ ማሰለፉን ነው።

ሁኔታው ለሁላችንም የታወቀ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ መስመር በጠመኔ ይሰመራል። አንዱ ተወዳዳሪ ዘመዱ ከአዲስ አበባ የላከለትን ባለሪሞት መኪና ይዞ ይመጣል። ሌላው ዓመት ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም የቆየበትን፣ ከተበላሸ ቴፕ በወጣ ሞተር የሚሄድ መኪና ያቀርባል። ከጎናቸው ደግሞ ገና ዘንድሮ የገባች ሰልጣኝ ከቲማቲም ጣሳና ከቆርኪ የሠራቻትን መኪና ይዛ ትቆማለች። ፊሽካ ይነፋል። ባለሪሞቱ ዞሮ ሲመለስ የእሷ መኪና ገና ከመስመሩ አንድ ክንድ አልራቀችም። ሰው ይስቃል። ሳቁ ክፋት የለበትም፤ ቢሆንም ሳቅ ሳቅ ነው። ታዲያ ያቺ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትመጣለች? አትመጣም! ባለፈው መንፈቀ ዓመት ያየነውም ይህንኑ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ በረንዳው ጠቦን ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ የተሰለፉት ግን ሁልጊዜ የምናውቃቸው ልጆች ብቻ ነበሩ። ከቀሩትም ውስጥ የሚበዙት እህቶቻችንና ከሩቅ ወረዳ የመጡት ጓደኞቻችን ናቸው።

ይህን ስንል አሸናፊዎቹን መውቀሳችን አይደለም። ደክመው ሠርተዋል፤ ጭብጨባውም ይገባቸዋል። ችግሩ ያለው በአመዳደቡ ላይ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ግን እኮ እንቁላሉን ከአውራ ዶሮ ጋር አሰልፈን «ሩጥ!» ካልነው በእግሩ ከመሄዱ በፊት ይሰበራል። በመሆኑም ከሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ በውድድሩ ውስጥ የጀማሪዎች ምድብ እንዲከፈት እንጠይቃለን። ምክንያታችንንና ዕቅዳችንንም ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ይህ ችግር በእኛ በረንዳ ላይ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1934 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ዴይተን በተባለች ከተማ ልጆች ከሣጥን እንጨት የሠሯቸውን፣ ሞተር የሌላቸውን መኪናዎች እየነዱ ቁልቁለት የሚወርዱበት ብሔራዊ ውድድር ተጀመረ። በዓመቱም ወደ አክሮን ከተማ ተዛወረ። ውድድሩ እየገነነ ሲሄድ ግን ትንሹ ልጅ የማይገባበት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1953 በካሊፎርኒያ፣ ማንሃታን ቢች በተባለች ከተማ የሚኖር ዶናልድ መርፊ የሚባል አባት የአሥር ዓመት ልጁ ዕድሜው ባለመድረሱ ከዚህ ውድድር ውጪ መሆኑን አየ። ታዲያ ምን አደረገ? ልጁን «እስክታድግ ቆይ» አላለውም። ትልቁ ውድድር ደንቡን ዝቅ ያድርግልን ብሎም አልተከራከረም። ከአንድ ቁራጭ እንጨት በእጅ የምትያዝ መኪና የሚሠራበት፣ በተንጋደደ ሳንቃ ላይ በራሷ ክብደት ብቻ የምትወርድበት ሌላ ውድድር አወጣ። የስካውት ልጆችም ተቀበሉት። ያ ጨዋታ ዛሬም ድረስ አለ። ትልቁም ውድድር አልጠፋም። ሁለተኛ መስመር ስለተሰመረ የመጀመሪያው መስመር አልተበላሸም ማለት ነው።

ወደ ጃፓንም ብንሄድ ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ታሚያ የተባለው የሞዴል መኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 በሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች የምትሄድ፣ ልጅ ራሱ የሚገጣጥማትን መኪና ለገበያ አቀረበ። ይህች መኪና ሪሞት የላትም። መስመሩ ግራና ቀኝ ግድግዳ ስላለው መኪናዋ ግድግዳውን እየተከተለች ትሮጣለች። ስለዚህ ልጁ መንዳት አይጠበቅበትም፤ ጥሩ አድርጎ መግጠም ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ደግሞ በመላ ጃፓን የሚካሄድ ውድድር ተዘጋጀላት። እዚህ ላይ የምናስተውለው ነገር አለ። ጀማሪ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አይማርም። መሥራቱንም መንዳቱንም ባንድ ቀን ከጫንበት ሁለቱንም ይጥላል። አንዱን ብናነሳለት ግን ሌላውን ይይዛል። ይህ ደግሞ በሥነ ማስተማር ክፍላችን በየቀኑ የምንሰማው ትምህርት አይደለም ወይ?

የባለሪሞት መኪናዎች ውድድር በተስፋፋባቸው አገሮችም ሁሉም ሰው በአንድ ላይ አይሰለፍም። ምድቦቹ ከሚለዩባቸው ነገሮች አንዱ በሞተሩ ውስጥ የተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ የዙር ብዛት ነው። ዙሩ ሲያንስ ሞተሩ ይፈጥናል፤ ሲበዛ ይረጋል። ስለዚህ 17.5 ዙር ያለው ሞተር ለረጋው ምድብ ይሰጣል፤ ከዚያ ያነሰ ዙር ያለው ደግሞ ለፈጣኑ። በአንድ ምድብ ያሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ሞተር ከያዙ የሚለያዩት በኪሳቸው ሳይሆን በእጃቸውና በአእምሯቸው ነው። ነገሩ ሩቅ መስሎ የሚታየው ካለ ደግሞ ወደ ጉባ ይመልከት። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሥራው ተጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መሣሪያ የሚሠራበት ሕግ በዚያች ትንሽ ሞተር ውስጥ ካለው ሕግ ጋር አንድ ነው፤ የመዳብ ሽቦ፣ ማግኔትና መሽከርከር። በክልላችን የሚያድግ ልጅ ግድቡን በሩቁ ከሚያደንቅ ይልቅ የሚሠራበትን ነገር በእጁ ይዞ ቢያየው አይሻልም?

በአገራችንም ቢሆን ለጀማሪ ቦታ መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አዛውንቱም እናቲቱም ፊደል ሊቆጥሩ ወጡ። ስድስተኛ ክፍል ከሚማረው ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ተፈተኑ አልተባሉም። ለጀማሪ የተዘጋጀ መጽሐፍ ቀረበላቸው፤ ትምህርቱም ቀስ በቀስ እስከ አሥራ አምስት በሚደርሱ የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። ሌላም ምሳሌ አለ። በኅዳር 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ አሥር ሺህ ሰው ተሰልፏል። አንደኛ የወጣው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ታዲያ ከኋላ የነበረው ሕዝብ «ኃይሌን ካልቀደምኩ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ ቤቱ ቀረ? አልቀረም። ያ ሁሉ ሰው የወጣው በራሱ አቅም ሮጦ ለመጨረስ ነው። በዚያው ቀን በዚያው መንገድ ላይ ለኃይሌም ለጀማሪውም ቦታ ነበረ።

እዚሁ በአጠገባችን ደግሞ ዙምባራ አለ። በበርታ ብሔረሰብ የዙምባራ ጨዋታ አንዱ ነፊ ዜማውን ብቻውን አይጫወትም። እያንዳንዱ የያዘውን አንድ ድምፅ ተራው ሲደርስ ያሰማል፤ ዜማው የሚገኘው ከሁሉም ተሰባስቦ ነው። አንድ ድምፅ ብቻ የያዘውም በሰልፉ ውስጥ ቦታ አለው። የእኛ ክበብስ ከዚህ የማይማርበት ምን ምክንያት አለ?

አሁን ወደ ዕቅዳችን እንግባ። የጀማሪዎች ምድብ ሞተር፣ ባትሪና ሪሞት የሌለበት የቁልቁለት ውድድር እንዲሆን ነው ሐሳባችን። ዝርዝሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ መኪናዋ ከአካባቢ ከሚገኝ ነገር ብቻ ትሠራለች። ቀርከሃ፣ ሽቦ፣ ጣሳ፣ ቆርኪ፣ ያለቀ የነጠላ ጫማ ሶል፣ የእስክሪብቶ ቀፎ ይፈቀዳል። የተገዛ ጎማ ወይም የተገዛ አካል አይፈቀድም። ክልላችን በቆላ ቀርከሃ የታወቀ ስለሆነ «ዕቃ አጣሁ» የሚል ሰው አይኖርም። ክብደቷ ከግማሽ ኪሎ እንዳይበልጥ ይደረግ።

ሁለተኛ፣ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ሳንቃ፣ አንዱ ጫፉ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ እንዲል ተደርጎ ይቆማል። መኪናዋ ከላይ ጫፍ ላይ በማስመሪያ ተይዛ ትቆይና ማስመሪያው ሲነሳ ትለቀቃለች። መግፋት ክልክል ነው። የሚለካው ፍጥነት አይደለም፤ ከሳንቃው እግር ተነስታ በሜዳው ላይ እስክትቆም ድረስ የሄደችው ርቀት ነው። ለዚህ ሜትር ብቻ ይበቃል፤ የሰዓት ጭቅጭቅ አይኖርም።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ይለቃል። በየመካከሉ አሥር ደቂቃ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጣል። ጎማዋ ወደ ጎን የምታዘነብል ከሆነ ያቃናል፤ ዘንጓ የሚፋተግ ከሆነ ዘይት ጠብ ያደርጋል። ሽልማቱም ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሩቅ ለሄደችው፣ ሌላው ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ ሦስተኛው ብዙ ለተሻሻለችው። ለእኛ ለመምህራን ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ሽልማት ነው። በክፍል ውስጥ ጎበዙን ብቻ ሳይሆን የተሻሻለውንም ማየት መልመድ አለብና።

አራተኛ፣ ተወዳዳሪው ከመልቀቁ በፊት መኪናውን እንዴት እንደሠራና ለምን እንደዚያ እንዳደረገ በሁለት ደቂቃ ያስረዳል። በፈለገው ቋንቋ ያስረዳ። በክልላችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በበርታ፣ በጉሙዝና በሺናሻ ቋንቋዎች ጭምር ይሰጣል። «ሰበቃ» የሚለውን ነገር ነገ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለልጅ የሚያስረዳ ሰው ዛሬ በረንዳው ላይ ቢለማመድ ምን ይጎዳል?

አምስተኛ፣ በጀማሪነት የሚቆየው አንድ መንፈቀ ዓመት ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አንደኛ የወጣ ደግሞ ጊዜው ባይሞላም ወደ ዋናው ምድብ ያልፋል። ይህ የሚደረገው ጀማሪ መስሎ ሽልማት የሚለቅም ሰው እንዳይኖር ነው።

ስድስተኛ፣ ከቆዩት ተወዳዳሪዎች አንዱ ለሁለት ጀማሪዎች አማካሪ ይሁን። ይጠይቃል፣ ያሳያል፣ ይመክራል፤ የጀማሪውን መኪና ግን በእጁ አይነካም። ይህን ደንብ በከንቱ አላወጣነውም። ቀደም ብለን በጠቀስነው የአክሮን ውድድር እ.ኤ.አ. በ1973 አንደኛ የወጣው ልጅ መኪና ስትመረመር አፍንጫዋ ውስጥ ኤሌክትሮማግኔት ተደብቆ ተገኘ። መነሻው ላይ ያለው መከላከያ ብረት ስለነበረ፣ ብረቱ ወደ ፊት ሲወድቅ ማግኔቱ መኪናዋን አብሮ ይስባት ነበር። ድሉ ተሰረዘ። በነገሩም ውስጥ የአዋቂ ዘመድ እጅ እንደነበረበት ታወቀ። አዋቂ የልጅን ሥራ ሲሠራለት ልጁ ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ሙያውንም ክብሩንም ያጣል።

የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንዶቹ «ክበቡን ለሁለት ትከፍሉታላችሁ፤ ደረጃውም ይወርዳል» ይላሉ። እኛ ግን ዛሬም የተከፈለ ነው እንላለን፤ በሚሮጡትና በረንዳው ዳር ቆመው በሚያዩት መካከል ተከፍሏል። ዋናው ምድብ አንድም ነገር አይነካበትም። እንዲያውም ከታች ሠልጥኖ የሚመጣ ተወዳዳሪ ስለሚያገኝ ይጠነክራል። ያው አምስት ስድስት ሰው ዓመት ሙሉ እርስ በርሱ ሲሸናነፍ ምን ደረጃ ይኖረዋል?

ሌሎች ደግሞ «ጊዜ ከየት ይመጣል?» ይላሉ። እስቲ እናስላው። አሥራ ስድስት መኪናዎች ሦስት ሦስት ጊዜ ቢለቀቁ 48 ይሆናል። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ብንሰጥ 48 ደቂቃ ነው። አንዱ ሲያስተካክል ሌላው ስለሚለቅ የማስተካከያው ጊዜ እዚያው ውስጥ ይጠቃለላል። ማስረዳቱ ለአሥራ ስድስቱ ሰው 32 ደቂቃ ይወስዳል። በድምሩ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ መሆኑ ነው። ዋናው ውድድር ከመጀመሩ በፊት ያልቃል። ክረምቱ ቢገባም ሳንቃው በረንዳ ላይ ስለሚቆም ዝናብ አያግደውም። ወጪውስ? አንድ ሳንቃ፣ አንድ ሜትር፣ ጥቂት ጠመኔ ነው። ሳንቃውም ቢሆን ካልተገኘ ቀርከሃ ሰንጥቆ መደርደር ይቻላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከራሳቸው ከጀማሪዎቹ የሚመጣ ነው፤ «ጀማሪ መባል ያሳፍራል» የሚል። እስቲ ልብ እንበል። «ጀማሪ» ማለት «ደካማ» ማለት አይደለም። ጀማሪ ማለት የጀመረ ማለት ነው፤ ያልጀመረው እኮ ስም እንኳ የለውም። እኛም ሁላችን ከዚህ ወጥተን በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ «ጀማሪ መምህር» ነው የምንባለው። ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት መምህር ጋር እኩል ካላስተማርክ ብሎ የሚስቅብን ርእሰ መምህር ቢያጋጥመን ደስ ይለናል? አይለንም። እንግዲህ ለራሳችን የምንመኘውን ትዕግሥት ለጓደኛችን መስጠት አለብን።

የነገሩ ፍሬም ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ውድድር ለእኛ የቅዳሜ ማሳለፊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ቀረ ማን ሄደ ብለን ይህን ያህል አንጽፍም ነበር። ነገር ግን ከዛሬ ሁለት ዓመት በኋላ አንዳችን ኩርሙክ፣ አንዳችን መንጌ፣ አንዳችን ሸርቆሌ፣ አንዳችን ካማሺ፣ አንዳችን መተከል እንገኛለን። ከእኛ የሚበዙት የሚደርሱት ቤተ ሙከራ ወደሌለው ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ሪሞትም የተገዛ ሞተርም አይኖርም፤ ቀርከሃ፣ ቆርኪና ልጅ ግን ይኖራል። ቆርኪና ሽቦውን አገጣጥሞ መኪና መሥራትንማ ልጆቹ መምህር ሳይነግራቸው በየመንደሩ ያውቁበታል። የሚቀራቸው «ይቺ ለምን ሩቅ ሄደች? ያቺ ለምን ቆመች? ከባዷ ሁልጊዜ ታሸንፋለች ወይ? እስቲ ለክተን እንየው» የሚላቸው መምህር ነው። ይህን ማለት የሚችለው ደግሞ ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ ለቅቆ፣ ስትቆምበት ራሱ ያቃናት መምህር ነው። ዛሬ በአራተኛው ቅዳሜ ከበረንዳው የቀረችው ሰልጣኝ ነገ ሃምሳ ልጆች ፊት ትቆማለች። እሷ ያልነካችውን ነገር እነዚያ ሃምሳ ልጆች ከማን ሊማሩት ነው?

ዋናው ምድብ በአሁኑ መልኩ ለሠለጠኑት ጥሩ ነው፤ እዚያ የሚደረገውም ምርምር የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የባለሪሞት መኪና ውድድር ከዚህ ግቢ ወጥቶ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ሊሄድ አይችልም። የቁልቁለቱ ውድድር ግን ይሄዳል። ሳንቃውን ተሸክሞ መሄድ እንኳ አያስፈልግም፤ በደረሱበት ይሠራል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የክበቡ ኮሚቴ ይህን ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባው በአጀንዳ ይያዝልን። መምህራኖቻችን በተለይም የሳይንስና የእጅ ሥራ መምህራን ደንቡን አይተው ያርሙልን፤ የጎደለ ነገር አይጠፋውም። ከበረንዳው የቀራችሁ ጓደኞቻችን ደግሞ ስማችሁን ለክበቡ ጸሐፊ አስመዝግቡ፤ አሥራ ስድስት ሰው ከተገኘ መጀመር እንችላለን። ቀርከሃውን ሰንጥቆ ሳንቃውን ለማቆምና በየሳምንቱ ርቀቱን ለክቶ በዚህ ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ እኛ ፈቃደኞች ነን። በሐሳባችን የማይስማማ ካለም ዝም አይበል፤ ጽፎ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ይለጥፍ፤ ቦታ ትተንለታል።

ከሁለተኛ ዓመት ሰልጣኞች
አሶሳ